በጎንሽ ግቢ፣ ዞማ!

እስቲ ቀና በሉ። ከጣራው በላይ፣ ከደመናው በላይ፣ ከጨረቃም በላይ እንሂድ።

ገና አልደረስንም። አሁንም ወደ ላይ! አሁንም ወደ ላይ!

ይኸው ደረስን። ያቺ የምትሽከረከረው ዞማ ናት።

ዞማ ጋላክሲ ናት። ጋላክሲ ማለት የከዋክብት ቤት ነው፤ ብንቆጥራቸው ብንቆጥራቸው የማያልቁ ከዋክብት በአንድ ቤት ይኖራሉ።

ዞማ ገና ልጅ ናት። ሁለት ረጃጅም ሰማያዊ ክንዶች አሏት፤ እነሱን ይዛ ያለ ዕረፍት ትዞራለች። ዙር! ዙር! ዙር!

የምትኖረው ከእማዬ ጋር በባዶው ሜዳ ነው። በባዶው ሜዳ ጎረቤት የለም፣ ጫጫታ የለም፣ ነፋስም የለም።

ዞማ ብዙ ደመና አላት። የእኛ ደመና ዝናብ ይሆናል፤ የጋላክሲ ደመና ግን ኮከብ ይሆናል።

እንዴት መሰላችሁ? ደመናው ይሰበሰባል። ይጨመቃል። ይሞቃል፣ ይሞቃል፣ ይሞቃል... ብልጭ! ኮከብ ተወለደ።

ደመና ያለው ጋላክሲ ኮከብ ይወልዳል። ደመናው ያለቀበት ጋላክሲ ግን ምንም ቢያምረው አይወልድም።

አሁን በዞማ ቀኝ ክንድ ጫፍ ላይ፣ ወፍራም ደመና ውስጥ፣ አንድ ኮከብ ሊወለድ ተቃርቧል። ሞቅ... ሞቅ... ሞቅ... ይላል።

ዞማ መጠበቅ አልቻለችም፤ ሳይወለድ ስም አወጣችለት። ማሙሽ አለችው።

«እማዬ፣ ማሙሽ ሲወለድ ማን ያየዋል?» አለች ዞማ።

«እኔና አንቺ» አለች እማዬ።

«ሁለታችን ብቻ?»

«ሁለት ተመልካች ይበቃዋል» አለች እማዬ፤ እያዛጋች።

ለዞማ ግን አልበቃትም።

በሩቅ፣ በጣም በሩቅ፣ የጋላክሲዎች ከተማ ይታያል። ሺህ ጋላክሲዎች ተጠጋግተው ይኖሩበታል።

«ማሙሽ እዚያ ቢወለድ ሺህ ጋላክሲ ያየው ነበር። ሺህ ጋላክሲ እልል ይልለት ነበር» አለች ለራሷ።

እማዬ ሸለብ ሲያደርጋት ዞማ ወደ ከተማው ፈቀቅ አለች። ትንሽ ብቻ።

ከዚያ ደግሞ ትንሽ። ከዚያ ደግሞ ትንሽዬ ብቻ።

ሳብ!

የሆነ ነገር ጎተታት። ዞማ ዞር ብላ አየች፤ ማንም የለም።

ሳብ! ሳብ!

የሚጎትታት ከተማው ነው። ሺህ ጋላክሲ ያለበት ከተማ በጣም ከባድ ነው፤ በጣም ከባድ ነገር ደግሞ አጠገቡ የመጣውን ሁሉ ወደ ራሱ ይስባል።

«ሂሂሂ! ሳልሮጥ እየሮጥኩ ነው!» አለች ዞማ።

ትልልቅ ሰዎች «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ። የከተማውም ስበት እንደዚያው ነው፤ መጀመሪያ ያስቃል።

ሳብ! ሳብ! ሳብ!

አሁን ዞማ መሳቋን አቆመች። «በቃኝ፤ ልመለስ» አለች።

ግን መመለስ አልቻለችም። ወደ ኋላ ብትል ወደ ፊት ሄደች፤ ወደ ጎን ብትልም ወደ ፊት ሄደች።

«እማዬ!» ብላ ጮኸች። «እማዬ፣ ያዢኝ!»

እማዬ ብድግ አለች። ረጅሙን ክንዷን ዘረጋች፤ ዘረጋች፤ እስኪያማት ዘረጋች።

የእማዬ ክንድ ጫፍ የዞማን ክንድ ጫፍ ነካ።

ከዚያ ተላቀቁ።

«ዞማዬ፣ አትፍሪ!» አለች እማዬ ከኋላ። «እዚያ ትልልቆች አሉ! ስትደርሺ ክንድሽን ዘርግተሽ፣ በደንብ አድርገሽ ሰላም በያቸው! ይረዱሻል!»

እማዬ ይህን ያለችው ከልቧ ነው። ምን ዋጋ አለው፣ እማዬ ከተማ ሄዳ አታውቅም።

ከተማው እየቀረበ፣ እየገዘፈ መጣ። ዞማ በፍርሃት ማሙሽን ሰማችው። ሞቅ... ሞቅ... ሞቅ...

«አይዞህ፣ እኔ አለሁ» አለችው። 

የመጀመሪያዎቹን የከተማ ጋላክሲዎች አየች። ክብ ክብ ናቸው፤ ቀይ ቀይ ናቸው።

ክንድ የላቸውም። ደመና የላቸውም። አንድም ሕፃን ኮከብ የላቸውም።

ዞማ ደነገጠች። የእነዚህን ሁሉ ደመና ማን ወሰደው?

መሸሽ ፈለገች፤ ግን የት ትሸሻለች? ሳብ! ሳብ! ሳብ! እያለ ከተማው አስገባት።

ያኔ የእማዬ ምክር ትዝ አላት። ሁለት ክንዶቿን ግራና ቀኝ ዘረጋች፤ ፊቷን ቀጥ አድርጋ፣ «ጤና ይስጥልኝ!» አለች።

ሽውውውውው!

ትኩስ ነፋስ ፊቷን መታት! ክንዶቿን መታቸው! ደመናዋን ያዘ!

ነፋሱ ከየት መጣ? ከተማው ውስጥ ትኩስ አየር አለ፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ አየር ነው። የምትበረው ዞማ ናት።

ታክሲ ስትሳፈሩ በመስኮት ነፋስ አይመታችሁም? ታክሲው ሲቆም ነፋሱም ይቆማል። የዞማ ነገርም እንደዚያ ነው፤ ግን ዞማ መቆም አትችልም።

ሽውውውውው!

ደመናዋ መላቀቅ ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ክር፣ ከዚያ እንደ ነጠላ፣ ከዚያ እንደ ትልቅ ድንኳን እየተገፈፈ ወደ ኋላ ሄደ።

«ደመናዬን! ደመናዬን!» አለች ዞማ።

ነፋስ ግን «እሺ» አይልም። ሽውውውውው!

«ማነው እዚያ ክንዱን የዘረጋው?» የሚል ወፍራም ድምፅ ከከተማው መሀል ተሰማ።

አባባ ድቡልቡል ናቸው። ከሺሁ ጋላክሲዎች ሁሉ ትልቁ፣ ሽማግሌውና ክቡ እሳቸው ናቸው።

አባባ ድቡልቡል ድሮ ክንድ ነበራቸው ይባላል። ከተማ ጠባብ ነው፤ ከአንዱ ጎረቤት ጋር ተጋጩና አንድ ሆኑ፤ ከሌላው ጋር ተጋጩና አንድ ሆኑ። እንዲህ ሲሉ ሲሉ ድቡልቡል ሆነው ቀሩ።

«አባባ፣ ይርዱኝ! ደመናዬ ሄደ!» አለች ዞማ።

«ልጄ፣ ክንድሽን ዘርግተሽ በፊትሽ ትመጫለሽ እንዴ? ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«እማዬ ናት! ሰላም በያቸው ብላኝ!»

«ሰላምታው ይቆየን!» አሉ አባባ ድቡልቡል። «ቀስ በይ! ቀስ በይ!»

ሰው ቢሆኑ ኖሮ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሏት ነበር። ጋላክሲዎች ግን እንቁላል አያውቁም፤ ጊዜም አልነበረም።

«ቀስ ማለት አልችልም! እየተሳብኩ ነው!»

«እንግዲያው በጎንሽ! በጎንሽ ግቢ፣ ልጄ! በጎንሽ!»

በጎን ማለት ምን ማለት ነው? እስቲ እጃችሁን ዘርጉ፤ መዳፋችሁን ወደ ፊት አድርጉት። ነፋስ እንዲህ ያለውን እጅ ይገፋዋል።

አሁን እጃችሁን እንደ ቢላዋ በጎኑ አዙሩት። ነፋሱ ከላይና ከታች ያልፋል፤ የሚገፋው ነገር ያጣል።

ዞማም ገባት። ልትዞር ሞከረች።

ግን ቀኝ ክንዷ አልታጠፍም አለ። ጫፉ ላይ የማሙሽ ደመና አለ፤ ነፋሱ ይዞታል፤ ዞማም ይዛዋለች።

ነፋሱ ወዲያ ይጎትታል። ዞማ ወዲህ ትጎትታለች። ማሙሽ መሀል ሆኖ ሞቅ... ሞቅ... ይላል።

«በጎንሽ፣ ልጄ! በጎንሽ!»

«ከዞርኩ ማሙሽ ያመልጠኛል!» አለች ዞማ። «ሊወለድ ነው፣ አባባ! ትንሽ ነው የቀረው!»

 የአባባ ድቡልቡል ድምፅ ቀጠነ።

«ልቀቂው፣ ልጄ።»

«አልለቅም!»

«ከለቀቅሽው አንዱን ታጪያለሽ። ካልለቀቅሽው ግን ደመናሽ ሁሉ ያልቃል፤ እሱም አብሮ ያልቃል።»

ሽውውውውው! ሌላ ትልቅ ደመና ተገፍፎ ሄደ። አሁን መሀሏ ላይ ያለውና የማሙሽ ደመና ብቻ ቀረ።

«ለማን ልልቀቀው?» አለች ዞማ እያለቀሰች።

«ለእኔ» አሉ አባባ ድቡልቡል። «እኔ እዚሁ ነኝ፤ የትም አልሄድም።»

ዞማ ማሙሽን ለመጨረሻ ጊዜ ሰማችው። ሞቅ... ሞቅ...

ለቀቀችው።

ማሙሽ ያለበት ደመና ከክንዷ ተላቅቆ ወደ ኋላ በረረ። በጨለማው ውስጥ እንደ ረጅም ጭራ ተዘረጋ።

ዞማ ጥርሷን ነከሰች። ክንዶቿን ሰበሰበች፤ ዘንበል አለች፤ ዘንበል አለች... በጎኗ ዞረች!

ፍስስስስ! ነፋሱ ከላይ አለፈ። ፍስስስስ! ነፋሱ ከታች አለፈ።

በመሀሏ አንድ እፍኝ ደመና ቀረላት። እፍኙን እቅፍ አድርጋ ይዛ ወደ ኋላዋ አየች።

«ማሙሽ?»

ጭራው ጨለማ ነው።

«ማሙሽዬ?»

አሁንም ጨለማ ነው። እንዲህ እንዲህ ስተርክ እኔም ሆዴ ይባባል።

ነፋሱ ግን ያንን የተበተነ ደመና አልተወውም፤ ከዚህም ከዚያም ገፋው። ሲገፋው፣ ሲገፋው፣ ሳያውቀው ሰበሰበው!

ደመናው ተሰበሰበ። ተጨመቀ። ሞቀ፣ ሞቀ፣ ሞቀ...

ብልጭ!

በጨለማው ጭራ መሀል አንዲት ሰማያዊ ነጥብ በራች።

«ተወለደ!» አሉ አባባ ድቡልቡል። «ኧረ ተወለደ!»

ሺሁ ቀያይ ጋላክሲዎች ሁሉ ዞር አሉ። ሕፃን ኮከብ ካዩ እጅግ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። እልልልልል!

ዞማ ግን እልልታውን አልሰማችውም። የምታየው ማሙሽን ብቻ ነው።

«ማሙሽ! ና! ወደ እኔ ና!»

ማሙሽ መምጣት አልቻለም። ገና አሁን ተወለደ፤ ብቻውን ነው፤ የሚይዘው ክንድ የለውም።

ዞማም መቆም አልቻለችም። በአባባ ድቡልቡል አጠገብ ዞራ፣ እየከነፈች ወደ ከተማው ዳር ትሄዳለች። እሷ እየራቀች፣ እሱም እያነሰ ሄደ።

ማሙሽ በባዶው ቦታ ላይ ዋለለ። ወደዚህ ሄደ። ወደዚያ ሄደ።

«አባባ!» ብላ ጮኸች ዞማ። «ያዙልኝ!»

ሳብ!

ያ ዞማን ያስለቀሳት ስበት ነው። አሁን ግን አባባ ድቡልቡል ቀስ አድርገው፣ በፍቅር ነው የሳቡት።

ሳብ... ሳብ... ሳብ... ማሙሽ መጣ፤ ከቀያዮቹ አሮጌ ከዋክብት መሀል ገባ።

«ያዝኩት!» አሉ አባባ ድቡልቡል። ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሱ። «ልጄ፣ ምን ብዬ ልጥራው?»

«ማሙሽ ነው ስሙ! ጨለማ ይፈራል!»

ጨለማ ይፍራ አይፍራ ዞማ በምን አወቀች? እሷ ስለምትፈራ ነው እንጂ።

«እኔ ቤት ጨለማ የለም» አሉ አባባ ድቡልቡል። ድምፃቸው ከሩቅ መጣ፤ ከዚያ ጠፋ።

ዥዋዥዌ ተጫውታችሁ ታውቃላችሁ? ቁልቁል በኃይል የወረደ ዥዋዥዌ ሽቅብ ይወጣል። ዞማም እንደዚያ ሽቅብ ወጣች፤ ወደ መጣችበት፣ ወደ ባዶው ሜዳ።

መጀመሪያ ፈጠነች። ቀጥሎ ቀስ አለች። ቀጥሎ በጣም ቀስ አለች።

የባዶው ሜዳ ዳርቻ ታየ። ዳርቻው ላይ እማዬ ቆማለች!

«እማዬ!»

ትንሽ ቀራት። በጣም ትንሽ ቀራት። ግን ጉልበቷ አለቀና ቆመች።

ሳብ!

ከተማው እንደገና ወደ ኋላ ጎተታት! ዥዋዥዌ ተመልሶ ይወርድ የለ?

«እማዬ፣ ያዢኝ!»

እማዬ ክንዷን ዘረጋች፤ ዘረጋች፤ እስኪያማት ዘረጋች። አሁንም አልደረሰም።

ዞማም ክንዷን ዘረጋች። የተገፈፈ፣ የሳሳ፣ የደከመ ክንድ ነው።

ሳብ! አለ ከተማው።

እማዬ ግን ከሜዳው ዘላ ወጣችና አንገቷን አቀፈቻት።

«ያዝኩሽ! ያዝኩሽ፣ ያዝኩሽ፣ ያዝኩሽ!»

ሁለቱ ተያይዘው አንድ ላይ ከበዱ። ቀስ ብለው፣ እየዞሩ፣ እየዞሩ ወደ ቤታቸው ገቡ።

«ጋላክሲ ‹ቀስ› ሲል ስንት ጊዜ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እናንተ አያት ትሆናላችሁ፣ የልጅ ልጆቻችሁም አያት ይሆናሉ፣ እነሱ ገና በመንገድ ላይ ናቸው።

ቤት ሲገቡ እማዬ ዞማን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ደመናዋ የታለ? ክንዷ ለምን ሳሳ?

«እንዳትቆጪኝ» አለች ዞማ።

«አልቆጣሽም።»

«ሳትፈቅጂልኝ ሄድኩ። ደመናዬ አለቀ። አንድ እፍኝ ብቻ ቀረኝ። ማሙሽንም... ማሙሽን ለቀቅኩት። ትልቁ አባባ ያዙልኝ።»

ዞማ ስታለቅስ እማዬም አለቀሰች። «ክንድሽን ዘርጊ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለች። «የማላውቀውን አገር የማውቅ መስሎኝ። ይቅርታ፣ ልጄ።»

ዞማ እናቷ ይቅርታ ስትጠይቅ ሰምታ አታውቅም። ለቅሶዋን ትታ አየቻት።

«እኔ ደመና አለኝ» አለች እማዬ። «ከእኔ ትወስጃለሽ። ቀስ ብሎ ይሞላል።»

ከክንዷ ጫፍ እንደ ሻሽ የለሰለሰ ደመና ወደ ዞማ አፈሰሰች። ሞቃት ነበር።

«ማሙሽስ?» አለች ዞማ።

«እንየዋ።»

ሁለቱም ወደ ከተማው አዩ። የአባባ ድቡልቡል ቀይ ብርሃን በሩቅ ይታያል፤ ሰማያዊ ነጥብ ግን የለም።

የዞማ ፊት ተለዋወጠ። «የለም! እማዬ፣ የለም! ነፋስ ወሰደው!»

«ቆይ፤ አትቸኩዪ» አለች እማዬ። «ማሙሽም እንደ ሁሉም ኮከብ በቤቱ ውስጥ ይዞራል። አሁን በአባባ ጀርባ በኩል ይሆናል።»

ጠበቁ።

«ዞረ?» አለች ዞማ።

«ገና።»

ጠበቁ። ዞማ አንድ ጊዜ ዞረች። ዙር!

«አሁንስ ዞረ?»

«ገና።»

ጠበቁ። ጠበቁ። የእማዬም ልብ መፍራት ጀመረ፤ ግን ለዞማ አልነገረቻትም።

«አሁንስ?»

እማዬ በክንዷ ጫፍ ወደ ከተማው አመለከተች።

በአባባ ድቡልቡል ሰፊ ቀይ ደረት ላይ፣ ልክ መሀሉ ላይ፣ አንዲት በጣም ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ ነበረች።

ዞማ ሳቀች።  ቀጥሎ እማዬን አጥብቃ ያዘቻት።

«ብቻውን አይደለም» አለች።

«ብቻውን አይደለም» አለች እማዬ።

«ይናፍቀኛል።»

«እኔም ይናፍቀኛል፤ ሳላቅፈው ነው የሄደው። ግን በፈለግን ጊዜ ቀና ብለን እናየዋለን።»

የዞማ ዓይኖች መከደን ጀመሩ። ከደነቻቸው፤ ገለጠቻቸው፤ ነጥቧ አለች። ደግማ ከደነቻቸው፤ ደግማ ገለጠቻቸው፤ አሁንም አለች።

«ተኚ እንግዲህ፣ የኔ እናት» አለች እማዬ። «እሱንም አስተኝተውታል።»

ዞማ ክንዶቿን በእማዬ ዙሪያ ጠመጠመችና ተኛች።